ሁለተኛ ቆጣሪ

ባልና ሚስቱ የሚሠሩት በአንድ ላቦራቶሪ ነው። ትኋንንና ዘመዶቹን፣ በሹል አፋቸው የሚመጥጡ ነፍሳትን ሁሉ፣ በክሮሞዞማቸው ቁጥር በየቤተሰባቸው ይመድባሉ። አንድ ደንብ አላቸው፤ ሚስት የቆጠረችውን ባል ይደግማል፣ የእሷ ቁጥር ግን አስቀድሞ አይነገረውም። ሰው የነገሩትን ነው የሚያየው።

ባልየውን ባልደረቦቹ «ዳኛው» ይሉታል።

«ዳኛው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ከቤት አባረርክ?» አለ የጎረቤት ክፍል ተመራማሪ በበሩ ብቅ ብሎ።

«አንዷን። ከዘመዶቿ አንድ ክሮሞዞም በልጣ ተገኘች።»

«በአንድ? አይ አንጀት!»

«ካልገጠመች አልገጠመችም። ለአንዷ ካዘንኩ ምደባው ሁሉ ገደል ገባ።»

ሚስቱ ጓንቷን አውልቃ ወጣች።

እንዲህ ከሆነች ሰንብታለች። የክሮሞዞም ማቅለሚያው አሲድ ሸተተኝ ብላ ጠረጴዛዋን ከእሱ አርቃ መስኮቱ ሥር ወስዳለች። ምግብ ነካ አድርጋ ትተወዋለች። ስልኳ ሲጮኽ ኮሪደር ትወጣለች። አንድ ቀን የደዋዩን ስም አየ፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ነው፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ። በተማሪነታቸው ለጋብቻ ጠይቋት ነበር።

ዳኛው ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጅ የላቸውም። እሷ ብትሄድ ከማይክሮስኮፑ በቀር የሚጠብቀው እንደሌለ ያውቃል።

ቅዳሜ «እህቴ ጋ ላድር ነው» ብላ ሄደች። እሑድ እህቷ ደወለች።

«አንተ፣ ሚስትህን የት ደበቅካት? ድምጿ ከጠፋ ሰነበተ እኮ!»

«ደህና ናት» አለና ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ሲገባ ቀድማው ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከሐኪሙ ጋር ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ልትተዪኝ ነው?»

«መጀመሪያ ይሄን ቁጠርልኝ።»

ምልክት የሌለው ስላይድ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችለት። ልማድ ነውና ጎንበስ አለ። ወዲያው ቀና አለ።

«ይሄ የነፍሳት አይደለም። የእኛዎቹ ክሮሞዞሞች ወገብ የላቸውም፤ እነዚህ መሃላቸው ጠበብ ብሏል። የሰው ነው።»

«ቁጠር።»

ቆጠረ። ደገመ።

«አርባ ሰባት። የሰው አርባ ስድስት ነው፣ ይሄ በአንድ በልጧል። አንቺስ?»

«አርባ ሰባት።»

«የማን ነው?»

«የልጃችን። እስከ ቅዳሜ ሆዴ ውስጥ ነበረች» አለች።