ሦስት ክፍል ዘፈን

በላይ ሸዋዬን የወደዳት በድምፅዋ ነው። እናቷ ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት ነበራቸው። እሷ ምሳ እያቀረበች ስታንጎራጉር፣ በልተው የጨረሱት ሹፌሮች እንኳ ቶሎ አይነሱም ነበር። በላይም እንደነሱ ቁጭ ብሎ ሰማ። ሽማግሌ ልኮ ሸዋ ሮቢት ካመጣት በኋላ ግን ሰው ፊት እንዳትዘፍን ከለከላት።

ሱቁ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ስልክ ይጠግንበታል፣ ዘፈን ይጭንበታል። መኖሪያ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ሲሆን፣ ወደ መንገድ የሚያስወጣው ጠባብ በር ከበላይ መቀመጫ ፊት ለፊት ነው። በጓሮ በኩል ያለው የእሾህ አጥርና የሰው የማንጎ ማሳ ነው።

ገበያ ልውጣ ስትለው እኔ አመጣልሻለሁ ይላታል። እናቴን ልይ ስትለው ሥራው ጋብ ሲል አብረን እንሄዳለን ይላታል። ሥራው ግን ጋብ አይልም። አይመታትም፣ ክፉ ቃልም አይወጣውም። ስለዚህ ለሰው የምትናገረው በደል እንኳ አልነበራትም።

አንድ ቀን ብቻ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ሰዓት፣ “ታፈንኩ፣ በላይ” አለችው።

የተሰማት ነገር ለበላይ ብቸኝነት መሰለው። ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የቀሩ፣ መስታወታቸው የተሰነጠቀ ስልኮች ነበሩት። እያንዳንዳቸውን ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኘና አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት፣ አንዱን ጓዳ ሰቀለ። በርካሽ ባገኘው አሮጌ ዋይፋይ አያያዛቸው። ኢንተርኔት አላስፈለገውም፤ ዘፈኑ ሳሎን ካለው ስልክ ተነሥቶ፣ አንዱ ካንዱ ሳይቀድም፣ በሦስቱም ክፍል እኩል ይሰማል።

“ይሄ ከአዲስ አበባ ሀብታም ቤት በቀር የትም የለም” አላት።

ያልነገራት ነገር አለ። የጓዳው ስልክ ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይሆን፣ የሚሰማውንም ሱቅ ድረስ ወደ በላይ ጆሮ ይልክ ነበር። በላይ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ስልክ እየፈታ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ከዘፈኑ ጋር ስታንጎራጉር ይሰማታል። ዝም ካለች እጁ ይቆማል። ብሎን ይጠፋዋል፣ ደንበኛ ሲያናግረው አይሰማም። ድምፅዋ ሲመለስ ነው ትንፋሹ የሚመለስለት። እየዋለ ሲያድር፣ ለውኃ ሽንት እንኳ ሲወጣ ማዳመጫውን ከጆሮው ማውጣት አቃተው።

አንድ ማታ እራት ላይ ከአፉ አመለጠው። “እናትሽ ይሄን ያህል ከናፈቁሽ ደውይላቸው እንጂ” አላት።

ሸዋዬ ስለ እናቷ ያን ቀን ለማንም አላወራችም፤ ጓዳ ብቻዋን ሆና ነው ያለቀሰችው። ጉርሻዋን እንደያዘች አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጓዳው ላከችና መለሰች፤ በላች።

ከዚያ ወዲህ ተለወጠች። ልውጣ ማለቱን ተወች። ከጠዋት እስከ ማታ ታንጎራጉራለች። የምትፈልገውን ዘፈን ራሷ እንድትመርጥ አሠራሩን እንዲያሳያት ጠየቀችው። እንዴት እንደሚጨመር፣ እንዴት ተራ እንደሚይዝ፣ በሁሉም ክፍል እንዴት እንደሚለቀቅ በደስታ አሳያት። ለእናቷ ስትደውል ድምፅዋ አልሰማ እያላቸው ስለተቸገሩ፣ ድምፅ ጥርት አድርጎ የሚቀበልና የሚቀዳ ስልክም መርጦ ሰጣት። በላይ ቤቱ ሰላም ሆነ አለ።

ይህን ሰላም የነሣው ቢኒያም የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው። ዘፈን ሊያስጭን መጥቶ፣ ያቺ ጀውሃ ስታንጎራጉር የሚያውቃት ልጅ እዚህ ናት ሲሉ መስማቱን፣ ደብረ ብርሃንም ዘፋኝ የሚፈልጉ ልጆች እንዳሉ አወራ።

“ዘፈን ትታለች” አለው በላይ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ከተማ በገባ ቁጥር በላይ ዓይኑን ከጠባቡ በር አያነሣም።

ሁዳዴ ጾም ገብቶ አንድ ጠዋት፣ ሸዋዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾም፣ ምሳም በዚያ ሰዓት እንደሚደርስ ነግራው ወደ ጓዳ ገባች። ረፋድ ላይ የቢኒያም መኪና ከሱቁ ማዶ ቆመ። በላይ ማዳመጫውን ወደ ጆሮው ጠለቅ አደረገው። ሸዋዬ ታንጎራጉራለች፤ ቢላዋውም መክተፊያው ላይ ይሰማል።

ቢኒያም ገብቶ ተቀመጠ። ዘፈን ያስመርጣል፣ ወሬ ያመጣል፣ አይነሣም። በላይ በአንድ ጆሮው እሱን፣ በሌላው ሚስቱን ይከታተላል።

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እትዬ ሐምዲያ ወንፊት ልትዋስ በጠባቡ በር አልፋ ገባች። ስትጣራ በማዳመጫው ሰማት። ማንጎራጎሩ አልተቋረጠም። ተመልሳ ወጣች።

“ወላሂ ሚስትህን ዛሬ ምን ነካት? እየሰማችኝ ዝም አለችኝ” አለችው።

በላይ ይቅርታ ጠየቃት፤ በሆዱ ግን ደስ አለው። ሸዋዬ ከጎረቤት ጋር ማውራቱንም ተወችው ማለት ነው።

ቢኒያም በመጨረሻ ተነሣ። በላይ ደጃፍ ድረስ ወጥቶ አየው። ብቻውን ጋቢና ገብቶ ወደ አጣዬ ነዳው። ሸዋዬ አሁንም ታንጎራጉራለች።

በላይ በራሱ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተወው። አፈረ። ይህችን ሴት ምን በደለችኝ ብዬ ነው የምጠረጥራት አለ። የጓዳውን ስልክ ዛሬውኑ ሊያነሣው ቆረጠ። እናቷ ዘንድ ሊወስዳት፣ ከፈለገችም እዚያ ስትዘፍን ቁጭ ብሎ እንደ ድሮው ሊሰማት ወሰነ። ከመንገድ ፓፓያ ገዝቶ ሱቁን ዘጋ።

ገና ከደጅ ድምፅዋ ተቀበለው።

“ሸዋ፣ እሑድ ጀውሃ እንሄዳለን” አለ።

ማንጎራጎሩ ቀጠለ። ጓዳ ገባ፤ ምድጃው አልተለኮሰም፣ መክተፊያው ታጥቦ ተሰቅሏል። ወደ መኝታ ቤት አለፈ፤ አልጋው ተነጥፏል። በጓሮ በኩል የእሾህ አጥሩ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ተገልጧል። ሳሎን ተመልሶ ፓፓያውን እንደያዘ ቆመ።

ሸዋዬ በሦስቱም ክፍል፣ እኩል፣ ታንጎራጉር ነበር።