የየሰፈሩ በር

ፋዱማ በጠመኔ «ገንደ ቆሬ» ተብሎ ከተጻፈበት ክፍል ባዶ እጇን ወጣች። «ልጄ የለችም፣ ቲቸር» አለች። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊቱን ከጠራረጋቸው ቤቶች የተረፉት ልጆች ሁሉ የተሰበሰቡት እዚህ ትምህርት ቤት ነበር። ጠዋት ግቢው ውስጥ ተደባልቀው ሳሉ ወላጅ ልጁን ለማግኘት የሁሉንም ፊት ማየት ነበረበት። መምህርቷ በየሰፈራቸው ከፋፍላ በየክፍሉ ካስገባቻቸው ወዲህ ግን ሰፈሩን የተናገረ ሁሉ አንድ በር ብቻ ከፍቶ ልጁን ይዞ ይሄድ ነበር። በሩ አጠገብ የቆመው አብዮት ጠባቂ አንገቱን ደፋ። ልጅቷን ውሃ ወስዷታል ብሎ ነበር ያሰበው።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች መምህርቷ።

«ገና አፍ አልፈታችም።»

መምህርቷ ክው አለች። አፍ ያልፈታች ልጅ ሰፈሯን ማን ተናገረላት? ተሸክሟት የመጣው ሰው የተናገረው የራሱን ሰፈር ነው።

«በሮቹን ሁሉ ክፈት!»

«ሥርዓቱ ይበላሻል፣ ጓድ!»

«ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዞር በልልኝ!»

የፋዱማን እጅ ይዛ ከበር ወደ በር ሄደች፤ አዲስ ከተማ፣ መጋላ፣ ሳቢያን። የቀረው ከዚራ ብቻ ነበር። እዚያ ፋዱማ የማታውቃት አንዲት ልጅ ጀርባ ላይ የተኛችው ሕፃን የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ብንን ብላ እጆቿን ዘረጋች።

መምህርቷ ጠመኔዋን አነሳችና ባዶ በነበረ አንድ ክፍል በር ላይ «ሰፈራቸውን መናገር የማይችሉ» ብላ ጻፈች። ፋዱማ ወደ መውጫው አልሄደችም። ልጇን እንዳዘለች ቀድማ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አምጪያቸው፣ አቦ» አለች። «እናቶቻቸው እስኪመጡ እኔ አለሁ።»