ዘመን የማይሽረው ማድ ቤት

ስንዱ ዲዛይነሩን የጠየቀችው ሁለት ነገር ነበር፤ ማድ ቤቷ ሞቅ ያለና ዘመን የማይሽረው እንዲሆን። ሙቀቱን በእንጨት መደርደሪያና በሸክላ ቀለም ተወጣው። ሁለተኛውን ግን፣ በዚያ ዘመን አቅም ያለው ሁሉ እንደሚያሠራው፣ ቃል በቃል ሠራላት፤ ከበሩ ደፍ ወዲያ ጊዜ አይገባም። ወተት አይበላሽም፣ ጎመን አይጠወልግም፣ ስንዱም ከሠላሳ ስምንት ዓመቷ ፈቀቅ አላለችም።

ጎረቤት ሁሉ "ታድለሽ" አላት። ልጇ ኤልዳናም ጠቅልላ ማድ ቤት ገባች፤ የምትማረውም የምትተኛውም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ።

ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ቤት ሊጥ አይቦካም። ስለዚህ ስንዱ ለበዓል ዳቦ ባቦካች ቁጥር ቡሃቃውን ተሸክማ ሳሎን ታስቀምጣለች። ዛሬም አስቀምጣ ስትመለስ፣ ኤልዳና ትራሷን አቅፋ ስትወጣ ደፉ ላይ ተገናኙ።

"ወዴት ነው? ሳሎኑ ይበርዳል እኮ።"

"ከሊጡ ጋር ልቀመጥ ነው።"

"ሊጥ ጠባቂ አይፈልግም፤ ራሱ ይቦካል።"

"እኔስ?" አለች ኤልዳና፣ የፊት ጥርሷን በምላሷ እየነቀነቀች። በልደት ወረቀቷ አሥር ዓመቷ ነው፤ በቁመቷ ሰባት። "ይቺ ጥርስ መነቃነቅ የጀመረችው ማድ ቤቱ የተመረቀ ዕለት ነው። ጓደኞቼ የነሱን ጣራ ላይ ወርውረው ሌላ አብቅለዋል።"

ስንዱ ተከትላት ሳሎን ገባች። ጋቢ አምጥታ ልጅቷንና ቡሃቃውን አንድ ላይ ሸፈነቻቸው።

"አትገላለጪ፤ ሙቀት ካላገኘ አይቦካም" አለቻት።

ከዚያ ደፉን ተሻግራ ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ተመለሰች።