ጉርሻ የመለሱት አማት

"ጉርሻዬን እኮ መለሱት! ያ ሁሉ ሰው እያየኝ!"

ደብረ ታቦር የምታስተምረው ዓይናለም የልጇን ክርስትና ደግሳ... ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ባሏ ሞላ ግራ ገብቶታል።

"እናቴ እኮ እንዲህ አይደለችም..."

"ተወኝ ባክህ! ከገሳይ ከመጡ ጀምሮ ሕፃኑን አንዴ ስመውታል? ሳወራቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ንቀውኛል!"

እውነትም እማማ ትእዛዝ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ይውላሉ እንጂ አይስሙትም። ነጠላቸው ከአፋቸው አይወርድም። ምግብ ሲቀርብ "ጠገብኩ" ነው መልሳቸው።

እናንተዬ... እኔም ብሆን እበግን ነበር።

ዓይናለም ቆረጠች። "ነገ ይሂዱልኝ። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይመጡ!"

በማግስቱ ጠዋት ራሷ ልትነግራቸው ገባች...

እማማ ትእዛዝ ጀርባቸውን ሰጥተው በጨው ውኃ ይጉመጠመጣሉ።

የተፉት ውኃ ደም ነበር።

"እማማ! ምን ሆነው ነው?"

ደንግጠው አፋቸውን ሸፈኑ። "አትጠጊኝ ልጄ... አፌ ይሸታል።"

ለካ ድዳቸው መድማት ከጀመረ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጥርሳቸው ተነቃንቆ ማላመጥ አቅቷቸዋል። ሲብስባቸው ቅርንፉድ ይነክሳሉ...

"እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ጉርሻሽን ብቀበል ትጸየፊኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሕፃኑንስ በዚህ አፍ እንዴት ልሳመው?"

ሂዱልኝ ልትል የመጣችው ሴት እግራቸው ላይ ወደቀች። ወዲያው ባጃጅ ጠርታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

"እናቴ፣ ይሄ እርጅና አይደለም፣ የድድ በሽታ ነው" አላቸው ሐኪሙ። "ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ እነዚህ ሁለት ጥርሶችም ባልተነቀሉ ነበር።"

ሁለት ጥርስ ተነቀለ። የቀረው ታጠበ። መድኃኒት ይዘው፣ አቦራረሹን ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወሉ።

"ዓይናለም ልጄ... ሐሙስ እመጣለሁ። ለሐኪሙ ንገሪልኝ።"

"ምነው እማማ? እንደገና አመመዎት እንዴ?"

"ኧረ እኔስ ተመስገን! ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው... ለካ ሁሉም እንደኔው ደብቆ ነው የኖረው። ሰባት ሆነን ነው የምንመጣው!"

ሐሙስ ዕለት ሰባት እናቶች ከሚኒባስ ወረዱ።

አያችሁ ወገኖቼ... የናቀን የሚመስለን ሰው ሕመሙን ደብቆን ሊሆን ይችላል። የድድ መድማት ዕድሜ የሚያመጣው ዕጣ አይደለም፣ በጊዜ ከታየ ይታከማል። አንዷ ደፍራ ስትናገር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ መዳኛውን ያገኛል።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር... እናታችሁን "ጥርስሽን ያምሻል እንዴ?" ብላችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃችኋት መቼ ነው? 👇