የሩቅ ወሬ

ሕሊና መንገዱ እንደተከፈተ ጅጋ ገብታ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ስልኳን ለእናቷ ዘረጋች። «እማ፣ ለአባባ የነገርሁት ጥቁር ጉድጓድ ነቃ! ጎኑ ያለውን ኮከብ እየበላ ነው። ሲበላ የሚረጨውን ኤክስሬይ ጠፈር ላይ ያለው ቴሌስኮፕ አይቶ፣ ወሬው በዕለቱ አዲስ አበባ ደረሰኝ። አባባ የት ሄደ?»

«ፈረስ ቤት ከተማ… ገበያ» አሉ እናቷ፣ ቸኩለው የደረቡትን ነጭ ነጠላ እየሳቡ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ። አጎቷ ቄስ ወልደ ዮሐንስ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ሩቅ ነው ኮከቡ ያለበት ቦታ?» አሉ። «ብርሃኑ የተነሣው ክርስቶስ ሳይወለድ ነው» አለች እየሳቀች።

ያን ጊዜ የእናቷ ሻሽ ሸርተት አለ። ጸጉራቸው ተላጭቶ ነበር፤ ተላጭቶም መልሶ በቅሏል። ሕሊና እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው፤ ጣቶቿ መሀል ገባ።

«ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ ነበር» አሉ ቄሱ። «ቢከፈትስ፣ መርዶ በስልክ ይነገራል ልጄ?»

«በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን ኮከብ ወሬ በዕለቱ ሰማሁ» አለች፣ እጇን ከእናቷ ራስ ሳታነሣ። «የአባቴን ግን ጸጉር እስኪበቅል ደበቃችሁኝ።»