የልብስ ሰፊው ቋንቋ

ልብስ ሰፊው ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ ስለታም ነው ይሉታል። እንግዲህ አንድ የቋንቋ ተመራማሪ የድምፅ መቅረጫ ይዞ ሱቁ ገብቶ፣ «ከሴም ቋንቋዎች አንድ ጥንታዊ ቅርንጫፍ ሊጠፋ ነው። እዚህ ሰፈር የሚናገረው አንድ ሰው ቀርቷል አሉኝ» ሲለው፣ መች ዝም ሊል!

«አገኘኸው» አለ። «ከአያቴ የወረስኩት ነው።»

ሰፈርተኛው በሳቅ ሞተ። አያቱን የማያውቅ የለም፤ ስትሳደብ እንኳ በኛው ቋንቋ ነበር።

እሱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቃል አዘነበ። ውሃ፣ ክር፣ አሞራ፣ አማት። ስሙ መጽሐፍ ላይ ሊወጣ እንደሆነ ለዕድሩም ለጠላቱም አወራ። ሲጨንቀው ወደ ሚስቱ ዞር ይላል። እሷ ጥግ ላይ ጠርዝ እየዘመዘመች ታጉረመርማለች፤ ሲያያት ዝም ትላለች።

«ከጨርቅ ጋር አታውሪ ብያት ሠላሳ ስድስት ዓመቴ» ይላል። «ሰው ከተጋባ በኋላ አይታረምም።»

ዓርብ ከሰዓት ተመራማሪው ደብተሩን ገልጦ ፊቱን አጠቆረ።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ዛሬ ይዘጋል። ተናጋሪ ካላገኘሁ ቋንቋው ‹ሞቷል› ተብሎ ይገባል። እርስዎ ደግሞ ማክሰኞ ‹ክረምት› ነው ያሉኝን ቃል ዛሬ ‹ጉልበት› አሉት።»

«ልጄ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ በክረምት አይደል?»

ተመራማሪው አልሳቀም። «አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይበሉኝ። አንድ ብቻ።»

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ መልሶ አንጠለጠለው።  

«ከራስዎ ፈጥረውት ነዋ» አለ ተመራማሪው። «እትዬስ? እሳቸው አያውቁትም?»

«እሷ? እሷ ምን ታውቃለች። የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ።»

የመዝገቡ ቅጽም የሚጠይቀው አባወራውን ነበር። ተመራማሪው «ተናጋሪ የለም» ብሎ ሞላ፣ በስልኩ ላከው፣ መቅረጫውን ጠቅልሎ ወጣ። መኪናው ጥጉን እስኪዞር ልብስ ሰፊው በመስኮት አየው።

«አዋርዶኝ ሄደ» አለ። «አንቺስ አፍሽን ምን ይዘጋዋል? ለአንድ ቀን ባልሽን ብትደግፊው ምን ነበረበት?»

ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለችና ተናገረች፤ ሳትደናቀፍ፣ ሳታቋርጥ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመቱን ሁሉ፤ እሱም አንዲት ቃል አልገባውም።