የጋሽ መንበሩ ፍጹም ቅጣት ምት

የተመታ ኳስ ሰው ካልያዘው መቆሙ ከቀረ ወዲህ፣ ሟቹ ጋሽ መንበሩ የሳቱት ፍጹም ቅጣት ምት ዓለምን እየዞረ በየቀኑ በምሳ ሰዓት በሚስታቸው በእትዬ ትርፌ ሳሎን ያልፋል። መስኮቱ ለእሱ ሲባል አይዘጋም፤ በብርዱ ግን የልጅ ልጃቸውን ሳል ይዞታል።

«እማዬ፣ እንያዘውና መስኮቱን እንዝጋ» አለች ምራታቸው ህሊና።

«ከያዝነውማ የመንበሩ ምት አለቀ!»

ሕፃኑ ሳለ። ኳሱ ሲገባ ህሊና እንደ ልማዷ የሽሮውን ድስት አነሳች። እትዬ ትርፌ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጠለዙት፤ መንገዱን ቀይሮ በበሩ ወጣ።

«ከእንግዲህ በየት ያልፋል?»

«እንጃ! የሱና የኔ ምት ተደምሮ በወሰደው ነዋ» አሉና መስኮቱን ዘጉ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ህሊና ድስቱን አነሳች፤ እትዬ ትርፌም ጎንበስ አሉ። ምንም አላለፈም።